ናጊን የማውቃት እኔ ነኝ

ኖቬምበር 21

ዛሬ የመጀመሪያው በረዶ ጣለ። የክሊኒኩን በር ስከፍት ደጄ ተጠርጎ አገኘሁት። ሹጎ ነው። በረዶ ሲጥል የከተማችንን መንገድ በመጥረጊያ መኪና የሚያጸዳው እሱ ሲሆን ከዋናው መንገድ በፊት የእኔን ደጅ ይጠርጋል። ተው ብለው አይሰማም። የናጊ አባት ስለሆነ ውለታ መክፈሉ ነው መሰለኝ።

ይህን ደብተር የገዛሁት በናጊ ምክንያት ነው። ስድስት ዓመቷ ነው። የምትተነፍሰው አንገቷ ላይ በተከፈተ ቀዳዳ በገባ ቱቦ ነው፤ የምትመገበውም ሆዷ ላይ ባለ ሌላ ቱቦ። አክታዋ በየሰዓቱ በማሽን ይሳባል። የሚጥል በሽታም አለባት። አትናገርም፣ ግን ትስቃለች፤ ስትስቅ ቱቦው ያፏጫል። የክፍለ ሀገራችን ዋና ከተማ አኪታ ባለው ትልቁ ሆስፒታል ሦስት ስፔሻሊስቶች ይከታተሏታል። አንዱ ጉሮሮዋን፣ አንዱ ጭንቅላቷን፣ አንዱ ሆዷን ያያል። ልጅቷን የማያት ግን እኔ ነኝ። ከአራት ወሯ ጀምሮ የሦስቱን ትእዛዝ የማስታርቀው፣ ረቡዕ ረቡዕ ቤቷ ድረስ የምሄደው፣ ከእናቷ ጋር ቁጭ ብዬ የምማከረው እኔ ነኝ።

በኤፕሪል፣ የትምህርት ዘመኑ ሲጀምር፣ አንደኛ ክፍል ትገባለች። ትምህርት ቤቱ እቀበላታለሁ ያለው ኃላፊነት የሚወስድ ሐኪም በቅርብ ካለ ነው። በዚህ ከተማ የሕፃናት ሐኪም እኔ ብቻ ነኝ፤ ሰባ ሦስት ዓመቴ ነው። እኔ ከሌለሁ ትምህርት ቤቱ ይቅርና ቤቷም መኖር አትችልም። አኪታ፣ እንደሷ ያሉ ልጆች የሚቀመጡበት ተቋም ትገባለች፤ እናትና አባቷ በሳምንት አንዴ እየሄዱ ይጠይቋታል። ስለዚህ እስከ ኤፕሪል እኔ ምንም መሆን የለብኝም።

ኖቬምበር 26

ረቡዕ። ናጊ ደህና ናት። እናቷ ቶሞኤ ግን ዛሬም የነገርኳትን ሁሉ እንደ ዳዊት መልሳ ደገመችልኝ።

“እንግዲህ ዶክተር፣ ዱቄት መድኃኒቱ ጠዋት አንድ ፓኬት፣ ማታ አንድ ፓኬት፣ የሆዷ መድኃኒት ቀን እየዘለልኩ ነው ያሉኝ?”

“ምን ሆነሻል ልጄ? ዓመታት ሙሉ ስትሰጫት ኖረሽ የለ?”

“እኔ ዝንጉ ስለሆንኩ ነው።”

ድሮ እንዲህ አልነበረችም። ድካም ነው። እናት ሲደክማት ሐሳቧ ይበተናል፤ ስንቱን አይቻለሁ።

ነርሴ ፉሳኤ ከእህቷ እርሻ አንድ ሳጥን ፖም አመጣችልኝ። ሠላሳ ዓመት አብራኝ ሠርታለች፤ በየዓመቱ ታመጣለች። የዘንድሮው ጣፋጭ ነው።

ዲሴምበር 2

ኢንፍሉዌንዛ። እስከ ምሳ አርባ አንድ ልጅ። እኔ ምሳ የለኝም። የመኪናዬ ቁልፍ ጠፍቶ ጠፍቶ ከሩዝ ዕቃው ውስጥ ተገኘ። ፉሳኤ ወጥ ቤቴን ስታስተካክል ጥላው ይሆናል። እሷም ስልሳ አንድ ገብታለች፣ አርጅታለች። አንዱን ማዘዣ ሁለት ሦስት ጊዜ እያገላበጠች ሰው ታስቆማለች። ተቆጣኋት።

ዲሴምበር 6

ፉሳኤ ከእህቷ እርሻ ፖም ልካልኛለች። ወጥ ቤት ሳጥኑን ሳየው ደስ አለኝና ደውዬ አመሰገንኳት። “ምንም አይደል ዶክተር” ብላ ቶሎ ዘጋች። ሳጥኑ ግማሽ መሆኑ ግን ገርሞኛል። እህቷ ለሰው ጎደሎ ሳጥን የምትልክ ሴት አልነበረችም።

ዲሴምበር 10

ወደ ናጊ ቤት ስሄድ መንገዱ በተከመረ በረዶ ተዘግቶ ጠበቀኝ። ዞሬ በላይኛው መንገድ ሄድኩ። ሹጎ ሥራውን እያበላሸ ነው፤ ለሚስቱ ነገርኳት። “እነግረዋለሁ” አለች፣ አቀርቅራ።

ከሰዓት በኋላ ፉሳኤ በስልክ ስታወራ ሰማሁ። ከፋርማሲስቱ ከኩማጋይ ጋር ነበር። “አይቼዋለሁ፤ አስተካክዬዋለሁ። አይ፣ እሳቸው አላወቁም፣ እንዳትነግራቸው” ትላለች። ስገባ ስልኩን ዘጋች። የዓመቱ መጨረሻ ነውና ስጦታ ሊያስደንቁኝ ነው። እነዚህ ሰዎች ሚስጥር መያዝ አይችሉበትም።

ዲሴምበር 17

የናጊ ስብሰባ በቤቷ ተደረገ። ሁላችን ጫማችንን አውልቀን ማሞቂያ ከተገጠመለት ዝቅተኛ ጠረጴዛ ስር እግራችንን ከተትን፤ ናጊ በአልጋዋ ላይ ሆና ከላይ ታየናለች። የትምህርት ቤቱ ምክትል ርእሰ መምህር፣ የከተማው ጽሕፈት ቤት ሰው፣ ፉሳኤ፣ ኩማጋይ፣ ወላጆቿ። ከአኪታ ዶክተር ሂዋታሺ በስክሪን ገባ፤ የጭንቅላቷ ሐኪም እሱ ነው፣ ገና ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለ፣ ትሑት ልጅ።

ምክትሉ “ዶክተር ካሉ እኛ ምን ያስፈራናል?” አለ። ሁሉም ወደ እኔ አየ። ኩራት ተሰማኝ፣ አልዋሽም።

ሂዋታሺ “ዶክተር፣ የናጊን ታሪክ ጠቅለል አድርገው ቢጽፉልኝ? ለትምህርት ቤቱም ይጠቅማል” አለ።

“እልክልሃለሁ።”

ቶሞኤ ወዲያው “ባለፈውም ጠይቀው ነበር፣ ዶክተር ሥራ በዝቶባቸው ነው” አለችለት። ባለፈው አልጠየቀም። ልጁን ላለማሳፈር አልተከራከርኩም።

ሲበተኑ ሹጎ ጫማዬን እያቀረበልኝ “ዶክተር፣ እስከ መቼ ለመሥራት አስበዋል?” አለኝ።

“እስክሞት።”

ቀልድ ነበር፤ አልሳቀም።

ዲሴምበር 25

የናጊን ታሪክ ልጽፍ ካርዷን ገለጥኩ። ያለፉት ሁለት ዓመታት ገጾች ላይ ያለው አንድ ቃል ነው፤ “እንደ ወትሮው።” በየሳምንቱ፣ በእጄ ጽሕፈት። ምን ልጻፍ ታዲያ? ልጅቷን አውቃታለሁ። የሚያውቁትን ሰው ማን ይጽፈዋል? ከአዲስ ዓመት በኋላ እጽፋለሁ።

ጃንዋሪ 3

የሩዝ ቂጣ በላሁ። ከድሮ በሽተኞቼ ሰማንያ ሁለት የአዲስ ዓመት ካርድ መጣልኝ። አንዳንዶቹን ስም አይቼ ፊታቸው አልመጣልኝም። ልጆች ፊታቸው ይለወጣል።

ጃንዋሪ 8

ፉሳኤ በኢንፍሉዌንዛ ከተኛች ሦስተኛ ቀኗ። በሠላሳ ዓመት የመጀመሪያ ቀሪዋ ነው። ስልኩም በሩም ካርዱም በእኔ ላይ ወድቋል።

የሂዋታሺ ደብዳቤ መጣ። የናጊ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ትንሽ ከፍ ይበል ይላል። ማዘዣውን ወዲያው ጻፍኩ። በዱቄት መድኃኒት ላይ ድሮም ጣጣ አለ። ከአሥር እጅ ዱቄት ውስጥ መድኃኒቱ አንድ እጅ ብቻ ነው፤ ዘጠኙ ልጅ እንዲወስደው የተጨመረ መሙያ ነው። ወጣቶቹ ሐኪሞች ከነመሙያው መዝነው ይጽፋሉ። የእኔ ዘመን ሰዎች የምንጽፈው መድኃኒቱን ብቻ ነው፤ ኩማጋይም የእኔን ማዘዣ በዚያው ልማድ ነው የሚያነበው። ሁለቱን ያምታታ አሥር እጥፍ ይሰጣል። ይህን ለስንት ወጣት ነርስ አስተምሬያለሁ። እኔ አንድም ቀን አምታትቼ አላውቅም።

ኩማጋይ ደወለ። “ዶክተር፣ ይቺን የናጊን ቁጥር አንዴ ቢያዩልኝ? በዛች መሰለኝ።”

“የጻፍኩትን ጽፌያለሁ።”

“እሱማ ነው። ብቻ...”

“ኩፍኝ ይዞህ እናትህ እዚህ ደጅ ላይ ስታለቅስ ያዳንኩህ በዚሁ እጄ ነው። ዛሬ ልታስተምረኝ ነው?”

“ይቅርታ ዶክተር። እንዳሉት አደርጋለሁ።”

ከዚያ ወዲያ የደወለ የለም። ሾርባዬን አሙቄ ጠጣሁ። ቀደም ብዬ ልተኛ ነው።

ጃንዋሪ 9

ሆስፒታል፣ ኮሪደር ላይ ሆኜ የምጽፈው ነው።

ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተኩል ቶሞኤ ደወለች። አትነቃም አለች።

ደረስኩ። ከንፈሯ ሰማያዊ። በደቂቃ አምስት ትንፋሽ። አራት። የአየር ከረጢቱን ቱቦዋ ላይ አድርጌ በእጄ መንፋት ጀመርኩ።

አምቡላንስ መጣ። የአኪታ መንገድ ተዘግቷል። ነፋስ፣ በረዶ፣ ፊት ለፊት የሚታይ ነገር የለም። ሹጎ መጥረጊያውን አስነስቶ ከፊታችን ሆነ። እሱ እየጠረገ እኛ ከኋላው። ሁለት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ። እኔ ከረጢቱን ስጨምቅ ቶሞኤ ትቆጥራለች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ይጭመቁ። ሌላ አንድም ቃል አልወጣትም።

ጣቶቼ አሁንም አይዘረጉም።

ናጊን ወሰዷት። በሩ ሲዘጋ ቶሞኤ ወደ እኔ ዞራ ጎንበስ አለች። “ስላስቸገርንዎት ይቅርታ ያድርጉልን” አለችኝ።

ጃንዋሪ 11

አልነቃችም። በማሽን ነው የምትተነፍሰው።

ሂዋታሺ ደውሎ ደሟ ውስጥ ያለው መድኃኒት መሆን ካለበት በላይ እጅግ የበዛ ነው አለኝ። “ፓኬቱን መዘንነው፤ አሥር እጥፍ ነው።” እኔም “የኩማጋይ ሚዛን ይታይ” አልኩ። አፌ እንዴት እንደ ፈጠነ።

ማታ ኩማጋይ መጣ። ደጄ ላይ በረዶው ውስጥ ተንበርክኮ ግንባሩን መሬት አስነካ። “ሚዛኔ ነው ያጠፋው። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እርስዎ ምንም የለብዎትም” አለ። የሃምሳ ዓመት ሰው፣ ፀጉሩ ላይ በረዶ እየጣለበት። ተነስ አልኩት። በል ሁለተኛ ተጠንቀቅ አልኩት። በሩን ዘጋሁ።

ጃንዋሪ 13

ፉሳኤ ዛሬ ወደ ሥራ ተመለሰች። ከሲታ ሆናለች። የማዘዣውን ቅጂ አምጪልኝ አልኳት። “ለምን ይፈልጉታል? ያለቀ ነገር ነው” አለች። አምጪ አልኩ።

የሂዋታሺ ቁጥር ነው፣ ከነመሙያው። እሱን እንዳለ ገልብጬ መድኃኒቱ ብቻ በሚጻፍበት በራሴ መስመር ላይ ጽፌዋለሁ። የእኔ ሰባት፣ የእኔ ነጥብ። የኩማጋይ ሚዛን ምንም አላጠፋም።

ፉሳኤን አየኋት። ልቤ ሌላም ነገር እንዳለ ነገረኝ። “ንገሪኝ” አልኳት። የስልኩን መዝገብ ከፍታ አሳየችኝ። ጃንዋሪ 8፣ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ የቶሞኤ ቁጥር፣ አራት ደቂቃ።

“ፓኬቱ ወፍሮብኛል ብላ ነው የደወለችልዎት” አለች ፉሳኤ። “‘ስጫት’ ብለዋታል።”

አራት ደቂቃ አውርቻለሁ። አንድም ቃል አላስታውስም። ይህን ደብተር ገልጬ የዚያን ቀን አነበብኩ፤ “የደወለ የለም” ይላል። ከዚያ ከመጀመሪያው ጀምሬ አነበብኩ። ፖሙን ሁለቴ ተቀብያለሁ።

ያን ጊዜ የተሰማኝን ለመጻፍ ሦስት ጊዜ እርሳስ አነሳሁ። ፈራሁ። ሌላ ቃል የለኝም። በጣም ፈራሁ።

ጃንዋሪ 15

ናጊ ዓይኗን ገለጠች። ቶሞኤ አልደወለችልኝም፤ ለፉሳኤ ነው የነገረቻት።

ጃንዋሪ 19

የጽሕፈት ቤቱ ሰው መጣ። የሻይ ቂጣ ይዞ። “በሚዛን ስሕተት ተመዝግቦ አልቋል፤ ኩማጋይም ፈርሟል” አለኝ። “እርስዎ ብቻ ይበርቱልን። ሌላ ሐኪም ከየት እናመጣለን?” ሲወጣ ፉሳኤን “ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው፤ እየተጋገዝን እንወጣዋለን” ሲላት ሰማሁት። ሎሚው እኔ መሆኔ ነው።

አልዋሽም፤ ደስ አለኝ። ለአንድ ሰዓት ያህል ደስ አለኝ። ደግሞ እኮ እውነቱን ነው፤ እኔ ከሄድኩ ናጊ ቤት የላትም። ዝም ብል ለሷ ነው። ሁሉም ዝም ብሏል። ኩማጋይ ራሱ ፈቅዶ የተሸከመውን እኔ ምን አወርደዋለሁ?

ጃንዋሪ 20

ሹጎ ከአኪታ መጣ። ከእነ ጭቃ ጫማው በሩ ላይ ቆሞ “ዶክተር፣ ቁጭ ይበሉ” አለኝ፣ በገዛ ቤቴ። ተቀመጥኩ።

“ይረሳሉ” አለኝ። “ከኦገስት ጀምሮ እናውቃለን።”

“‘እናውቃለን’ ማን ነው?”

በጣቱ ቆጠረልኝ። “ሲስተር ፉሳኤ ማታ ማታ የጻፉትን ማዘዣ ሁሉ ታያለች። ከሷ ያመለጠውን ኩማጋይ ይይዘዋል። ከሱ ያመለጠውን ሚስቴ እንዳልሰማች ሆና መልሳ ትጠይቅዎታለች። እኔ ደግሞ ረቡዕ ረቡዕ በመጥረጊያው ከኋላዎ እከተላለሁ። ባለፈው ወደ ወንዙ ታጥፈው ነበር።”

“መንገዱ ተዘግቶ ነበር እኮ የተመለስኩት።”

“እኔ ነኛ ቀድሜ የዘጋሁት።”

እጄን አየሁ። “ለምን አልነገራችሁኝም?”

“ምን ብለን? እርስዎ ከተውት ልጃችንን ይወስዷታል። ትምህርት ቤት ትግባ ብቻ፣ ከዚያ ሌላ መላ እንፈልጋለን እያልን ቀን ስንቆጥር ነበር። ከዚያ ሲስተር ታመመች። ኩማጋይን ተቆጡት። ሚስቴን ‘ስጫት’ አሏት።” ኮፍያውን አጣመመ። “የእርስዎ ጥፋት ብቻ ቢሆን ኖሮ ዛሬ እዚህ መጥቼ ጮኼ ይወጣልኝ ነበር። እኛም ልጃችንን አስይዘን ቁማር ተጫውተናል። ግን ከእንግዲህ አልጫወትም። ይወቁት ብዬ ነው።”

ሄደ። እኔ እዚያው ተቀምጬ ቀረሁ። ስድስት ዓመት ያን ሁሉ ሰው ናጊ ዙሪያ የሰበሰብኩት እኔ ነኝ፤ ይህ የምችልበት ሙያ ነው። አንዱ ሲደክም ሌላው እንዲይዝ፣ ማንም ብቻውን እንዳይሸከም። እኔው ያስተማርኳቸውን ሙያ እኔው ላይ ሲሠሩበት ከረሙ። ናጊን እየጠበቅን የከረምን መስሎኝ ነበር። ለካ ሲጠብቁ የነበረው እኔን ነው፤ እሷ ሳትጠበቅ ቀረች።

ጃንዋሪ 26

አኪታ ሄድኩ፣ ፉሳኤ እየነዳች። ለሚመለከተው ቢሮ በእጄ ጽፌ ሰጠሁ፦ ሚዛኑ ልክ ነበር፣ ቁጥሩ የእኔ ነው፣ ስልኩንም ያነሳሁት እኔ ነኝ። ከዛሬ ጀምሮ ማዘዣ አልጽፍም። ለኩማጋይ ስነግረው አለቀሰ፤ “እንደ ጻፉት ያደረግኩት እኔ አይደለሁም ወይ” አለኝ። እሱም እውነቱን ነው።

የጭንቅላት ፎቶ አነሱኝ። ወጣቷ ሐኪም የማስታወስ ፈተና ነው፣ ሰዓት ይሣሉልኝ ብላ ወረቀት ሰጠችኝ። ሣልኩላት። ዝም ብላ አየችው። ሐኪም በሽተኛ ፊት እንዲያ ዝም የሚለው መቼ እንደሆነ አውቃለሁ።

ከዚያ ሂዋታሺ ቢሮ። ናጊ ከማሽኑ ወርዳለች፣ በራሷ ቱቦ ትተነፍሳለች። ተቋሙ ውስጥ አንድ አልጋ ተለቋል፤ እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ይዘውላት ይቆያሉ። እግዜር ይስጠው፣ ሂዋታሺ አላፈገፈገም። “በየሁለት ሳምንቱ ወደ እናንተ ከተማ እመጣለሁ፤ በመካከሉ በስክሪን አያታለሁ። ወላጆቿም ይችሉበታል” አለ። ከዚያ የላክሁለትን የናጊን ካርድ ወደ እኔ አዞረው።

“ሁለት ዓመት ሙሉ ‘እንደ ወትሮው’ ይላል። ዶክተር፣ ወትሮው ምንድን ነው?”

ካርዱን መልሼ ወደ እሱ አዞርኩት።

“ሁሉም ነገር እርስዎ ውስጥ ነው ያለው” አለ፣ ቀስ ብሎ። “ሳይጥላት በፊት ምን እንደምትሆን፣ የቱ ትኩሳት እንደሚያስፈራና የቱ እንደማያስፈራ፣ የሆድ ሐኪሟ ያዘዘው ለምን እንደቀረ። ይህን ጽፈው ካመጡልኝ እኔ ኃላፊነቱን እወስዳለሁ፤ ቤቷ ትመለሳለች። ካልሆነ ግን በጨለማ ይዣት ልገድላት አልፈልግም።”

አንድ ወር ገደማ ጊዜ አለኝ።

ፌብሩዋሪ 3

አራት ቀን ብቻዬን ጻፍኩ። ስድስት ገጽ ሞላሁ። ቶሞኤ ዛሬ መጣች፤ ሹጎ ናጊ ጋ ሲሆን ማክሰኞና ዓርብ እሷ እኔ ጋ ልትመጣ ተስማምተዋል። ስትገባ አልጎነበሰችም። ወረቀቱን ቁጭ ብላ አነበበች። ሦስተኛው ገጽ ላይ ቆመች።

“ይሄ የናጊ አይደለም።”

“እንዴት አይደለም? ከወተት በኋላ በግራ ጎኗ ካስተኟት...”

“ናጊን በግራ አስተኝተናት አናውቅም። ይሄ ሌላ ልጅ ነው።”

ሌላ ልጅ ነው። ከሃያ ዓመት በፊት የሞተብኝ የዓሣ ነጋዴው ልጅ ነው። እሱን ከነሽታው አስታውሳለሁ።

ቶሞኤ ስለ እሱ የጻፍኳቸውን ሦስት ገጾች ቀደደች። ከቦርሳዋ አዲስ ደብተር አወጣች። “እርስዎ አይጻፉ። ይናገሩ። እኔ እጽፋለሁ፤ ያልሆነውን አልጽፈውም” አለች።

ፌብሩዋሪ 6

ጥሩ ቀን። እንደ ጉድ ወጣልኝ። ሳይጥላት በፊት የቀኝ እግሯ ትልቁ ጣት ወደ ታች ይታጠፋል፤ ከዚያ አርባ ሰከንድ ያህል ጊዜ አለ። ከሠላሳ ስምንት በታች ያለ ትኩሳት ብዙ አያስፈራትም፤ የእጇ መዳፍ ከቀዘቀዘ ግን መለኪያው ምንም ቢል ቶሎ መሮጥ ነው። የሆድ ሐኪሟ ያዘዘውን ምግብ ያስቀረሁት አክታዋን ስላወፈረው ነው። ቱቦዋ ከመቀየሩ በፊት በእጅ ሲሞቅ አትታገልም።

“በብብት ነው የማሞቀው” አለች ቶሞኤ።

“በእጅ ነው ያሳየሁሽ።”

“እጅዎ ሁልጊዜ በረዶ ነው ዶክተር። በብብት ነው።”

ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ መሳቋ ትዝ ብሏት ይመስላል፣ ፊቷን መለሰች።

ፌብሩዋሪ 10

አሥራ ዘጠኝ ገጽ። ከሰዓት በኋላ ደከመኝና ቃል ጠፋኝ። ያን አክታ የሚስበውን ዕቃ ስሙን አጣሁት። በየቀኑ የምነካውን። እሷ አልነገረችኝም፤ ጠበቀችኝ። አልመጣም።

“ትጠይኛለሽ?” አልኳት።

እርሳሷን ሳታነሳ “አዎ” አለች። “ራሴንም እጠላለሁ። ኦገስት ላይ ዝም ለማለት ስንስማማ በልጄ ላይ የፈረምኩ ነው የሚመስለኝ። ግን አሁን ለዚያ ጊዜ የለኝም። ሲጥላት ስንት ደቂቃ ጠብቀን ነው አምቡላንስ የምንጠራው?”

“አምስት።”

“ትናንት ለሂዋታሺ ‘ሦስት’ ብለውታል።”

ሦስት ይሁን አምስት አላውቅም። አላውቅም አልኳት። ጻፈች፦ ሂዋታሺ ይወስን።

ፌብሩዋሪ 13

ሠላሳ አንድ ገጽ። ሂዋታሺ እስካሁን ያለውን አንብቦ ለሹጎ ደወለ። “እንደዚህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም፤ ግማሹን ካመጣችሁ ግማሹንም አምጡ” አለው። የጎደለው የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ነው። የሆስፒታሉ ወረቀትም የእኔ የድሮ ካርድም የሚናገሩት ስለ ቱቦዎቹና ስለ መድኃኒቶቹ ብቻ ነው።

ጠዋት ጠዋት ይሻለኛል። ቶሞኤን ከጠዋት ጀምሮ ነይ ብያታለሁ። እስከ ወሩ መጨረሻ በየቀኑ ልትመጣ ነው፤ ሹጎ ፈቃድ ጠይቆ ናጊ ጋ ይሆናል፣ መንገዱን ሌላ ሰው ይጠርጋል።

ፌብሩዋሪ 17

ማክሰኞ። በሦስት ሰዓት መጣች። ፉሳኤ ማሞቂያውን አስጠጋችልንና ወጣች። ክሊኒኩ ባዶ ነው፣ ከተዘጋ ሦስት ሳምንት ሆነው።

ቶሞኤ አዲስ ገጽ ከፈተች። “ለመጀመሪያ ጊዜ የጣላት ዕለት። ሁለት ዓመት ሊሞላት ሳምንት ሲቀራት። የት ነበረች? ምን ሆና ነው የጀመራት?”

ፈለግሁት። ሁለት ዓመቷ። ቀሚሷ ይታየኛል፣ አረንጓዴ ነው፣ ወይም የሌላ ልጅ ነው። ቤቷ ይሆናል አልኩ። ትኩሳት ይዟት ይሆናል። ቶሞኤ ደውላልኝ የሄድኩ መሰለኝ፣ ሌሊት ሳይሆን አይቀርም።

አልጻፈችም። እርሳሷን አስቀምጣ ታየኛለች።

“አላስታውስም” አልኩ።

“እዚህ ነው” አለች። “ይሄ ክፍል ውስጥ። ክትባት ሊወጓት አቅፈዋት ነበር፤ እጅዎ ላይ ነው የጣላት። እኔ ስጮህ እርስዎ ‘አትጩሂ፣ እግሯን እዪልኝ፣ ጣቷን እዪ’ አሉኝ። ጣቷን ያየነው ያን ቀን ነው።”

ግድግዳውን አየሁ፣ አልጋውን አየሁ። ምንም የለም። የሰው ታሪክ ነው የሚመስለኝ።

“ታዲያ ካወቅሽው ለምን ጠየቅሽኝ?”

“እሱንማ ትናንት እርስዎ ሲነግሩኝ ጽፌዋለሁ። የጠየቅኩዎት የት እንደደረስን ለማወቅ ነው።”

“የት ደረስን?”

ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር፤ በእጅጌዋ ጠረገችውና እርሳሷን አነሳች።

“መፍጠን አለብን” አለች፣ ገጹንም ገለበጠች።